የተርል ቤግሊ ቅኝት

ዊንፍሬድ ታኬት የሞተው በራሱ መጻሕፍት መሀል ነው። በደረቱ ተደፍቷል፤ አንድ እጁ ከጠረጴዛው ሥር ገብቷል፤ መነጽሩ ሳይሰበር አፍንጫው ላይ እንዳለ ነው። ማጅራቱን የመታው የምድጃው መቆስቆሻ ብረት አጠገቡ ወድቋል። የመታው ሰው እጀታውን በጨርቅ ጠርጎ ነው የሄደው።

ክፍሏ ድሮ የአሳማ ሥጋ በጭስ የሚደርቅባት ጎጆ ነበረች። ዊንፍሬድ ከአስተማሪነት ጡረታ ሲወጣ መደርደሪያ አስመታባትና የሙዚቃ ሸክላዎቹን፣ ደብዳቤዎቹን፣ ፎቶግራፎቹን ሞላባት። የተራራ ዘፋኞችን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ነበር። ሁለት መጽሐፍ አሳትሟል፤ ሦስተኛውን እየጻፈ ነበር። በመጀመሪያው መጽሐፍ ገጽ ዘጠና አንድ ላይ አባቴ ያለበት ፎቶግራፍ አለ። ከሥሩ «ጊታር የያዘው ሰው ማንነት አልታወቀም» ይላል። አባቴ የኖረውም የሞተውም ከዊንፍሬድ ደጅ ሁለት ማይል ርቀት ላይ ነው። በእግር አርባ ደቂቃ። ያቺን አርባ ደቂቃ ሄዶ የሚጠይቅ አልተገኘም።

ይህን የማነሣው ሬሳው ፊት ቆሜ መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንኑ ስለሆነ ነው። ሰው ክፉ ነው።

ያገኘችው እህቱ ኦቫሊን ናት። ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጎረቤት ቤት የፖም ማርመላታ ሲያማስሉ ውላ ስትመለስ። እኔ ስደርስ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች፤ የተጠረገ እጅ ደግማ ትጠርጋለች።

ሸሪፉ ቀድሞኝ ደርሷል። ጋሪ ፍላነሪ ይባላል፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ኮሌጅ ጨርሷል። እኔ በዚህ ቢሮ በምክትልነት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስምንተኛ ክፍል ግን አልጨረስኩም። ስለዚህ ወንበሩ ለእሱ ሆነ፤ ጭቃው ለኔ።

«ኦርቢን፣ ምንም ነገር እንዳትነካ» አለኝ ገና ሳልገባ።

«ምንም አለመንካት የጀመርኩት አንተ አፍንጫህን በእጅጌህ ስትጠርግ ነው።»

ጠረጴዛው ላይ አንድ ቫዮሊን ተቀምጧል፤ ደጋኑ ከላዩ። ከጎኑ የካሴት መቅረጫ አለ፤ ሆዱ ባዶ ነው።

«ወይዘሪት ኦቫሊን፣ ቫዮሊኑ የማን ነው?» ብዬ ወደ ደጅ ጮህኩ።

«የወንድሜ ነው። ግድግዳው ላይ ነው የሚሰቀለው። እሱ እንኳ አይችልበትም፤ እንግዳ ሲመጣ ነው የሚወርደው።»

ክሮቹን በእርሳስ ጫፍ ነካ ነካ አደረግኳቸው። የተለመደው ቅኝት አይደለም። ሁለቱ ወፍራሞች የሁለቱን ቀጫጭኖች ድምፅ በወፍራሙ የሚደግሙበት፣ እኛ የተራራ ሰዎች መስቀለኛ የምንለው ቅኝት ነው። በዚህ አገር በዚያ ቅኝት የታወቀው ዜማ አንድ ነው፤ «የሎረል ውርጭ»። ዜማውን ለዓለም ያሰማው የዳውሰን ቪካርስ ሸክላ ነው፤ ሸክላው ላይ የተጻፈውም የዳውሰን ስም ብቻ ነው። ዊንፍሬድም በመጽሐፉ ከሸክላው ገልብጦ «ዘፋኙም ቫዮሊኒስቱም ዳውሰን» አለ። በኛ ሸለቆ ያለ ሽማግሌ ሁሉ ግን ሸክላው ሲቀረጽ ደጋኑን የያዘው ተርል ቤግሊ፣ ባንጆውን የመታው ክሎቪስ ሬሚ፣ ጊታሩን የያዘው አባቴ እንደነበረ ያውቃል። ማንም ስላልጠየቀ ማንም አልተናገረም።

«ይህ የማን ቅኝት እንደሆነ አውቃለሁ» አልኩ። ያልተጠየቅሁትን። ኮሌጅ የማያስተምረው ነገር እንዳለ ላሳየው ብዬ። «የተርል ቤግሊ ነው።»

ፍላነሪ ማስታወሻውን አወጣ። «ተርል ቤግሊ? ባለፈው ሳምንት ፖስታ ቤት ደጃፍ ላይ ዊንፍሬድን «ስሜን መጽሐፍህ ውስጥ ባየው አፈር ትገባለህ» ያለው ሽማግሌ?»

ያንን ግማሽ መንደር ሰምቶታል። እኔም ሰምቼዋለሁ። ሸሪፉ ሲጽፍ አየሁት፤ ጽሑፉ ያምራል። በዚያ ባማረ ጽሑፍ ሰው ሲታሰር ቃሉን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

*

ተርል ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። ዳኛ የፈለገውን ዓመት ቢሰጠው፣ ከገባ የሚወጣው በሣጥን ነው። ፍላነሪ ረቡዕ ማታ ለዐቃቤ ሕግ አስረክበዋለሁ ብሎ ለጋዜጣ ተናግሯል።

እሑድ ጠዋት የታሰረበት ክፍል ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ተጠርቶ እንደሚሄድ ሰው።

«አጎቴ ተርል፣ ትናንት ከቀትር በኋላ የት ነበሩ?»

«አንተ የአርደን ስታላርድ ልጅ አይደለህ?»

«ነኝ።»

«አባትህ ጥያቄ አያበዛም ነበር።»

«አባቴ የመንግሥት እንጀራ አይበላም ነበር። የት ነበሩ?»

«እግዚአብሔር አይቶኛል።»

«እሱን በምስክርነት ብጠራው ሸሪፉ አድራሻውን ይጠይቀኛል። ሌላ ያየዎት የለም?»

ባርኔጣውን አዞረ።

«ዊንፍሬድን እቀብርሃለሁ ብለውታል።»

«ብዬዋለሁ። የኃጢአት ዘመኔን በወረቀት ሊያሳትመው ሆነ፣ ተቆጣሁ። ማታውኑ ደጁ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። አሬራ በበቆሎ ዳቦ አብልታኛለች እህቱ፤ ጠይቃት።»

ኦቫሊንን በኋላ ጠየቅኳት፤ እውነት ነው። ፍላነሪ ግን «ይቅርታ የጠየቀ ሰው ሁለተኛ አይናደድም የሚል ሕግ አላነበብኩም» አለ።

«ቫዮሊኑን ነክተዋል?»

ሁለት እጁን ዘረጋልኝ። ጣቶቹ ቆላልፈዋል። «ከተጠመቅሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የዊንፍሬድን ቫዮሊን አልነካሁም።»

የተርል ቤተ ክርስቲያን የላቨርን ክሪክ ናት። በዚያ መሣሪያ የሰይጣን ሣጥን ነው። ተርል ሲጠመቅ ዳግመኛ ደጋን ላይይዝ በጉባኤ ፊት ቃል ገብቷል። እዚያ ቃሉን ያፈረሰ አባል ቆሞ ይጠየቃል፤ ከዚያ ጉባኤው እጅ አንሥቶ ድምፅ ይሰጥበትና ይወጣል። ከወጣ በኋላ ሰላም የሚለው አያጣም፤ ወንድም የሚለው ግን የለም። ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ ያልወለደ ሰው ነው። ከዚያች ቤተ ክርስቲያን በቀር በምድር ላይ ሌላ የለውም።

ልወጣ ስል «ኦርቢን» አለኝ። «ክሎቪስ እንዴት አደረ?»

«ዛሬ ጎህ ሲቀድ አረፈ ይላሉ። ሳምባው ነው።»

ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አደረገ። «እንድቀብረው ልቀቁኝና መልሳችሁ እሰሩኝ።»

ፍላነሪን ጠየቅሁለት። አይሆንም አለ።

*

ሰኞ ሌላ ፍንጭ አገኘሁ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሰሜን ሰሌዳ የለጠፈ መኪና ዊንፍሬድ ደጅ ቆሞ ነበር። ሰውዬውን ከተማው ዳር ያለ ሞቴል አገኘሁት። ፔንሆሎው ይባላል፤ አሮጌ ሸክላ ሰብሳቢ ነው፤ አልጋው ላይ ሸክላዎቹን እንደ ሕፃን በፎጣ ጠቅልሎ አስተኝቷቸዋል። እውነቱን ልናገር፣ እሱ ቢሆን ደስ ባለኝ። ከእናቶቻችን ጓዳ ሸክላ እያወጣ ወደ ሰሜን የሚያግዝ ሰው ስንት አይቻለሁ።

«ስንት ሰዓት ላይ ተለያያችሁ?»

«ስድስት ሰዓት። ሰባት ተኩል ላይ ጎማዬ ፈነዳ፤ የጎማ ጠጋኙ ምስክሬ ነው። እስከ አሥር ሰዓት እሱ ጋ ነበርኩ። ሰውዬው ዝግ ያለ ነው።»

ጠጋኙን አውቀዋለሁ። ዝግ ያለ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ዊንፍሬድ የሞተው በስምንትና በዘጠኝ ሰዓት መሀል ነው ብሏል።

«ቫዮሊኑ የት ነበር?»

«ግድግዳው ላይ። አውርጄ ሞክሬዋለሁ፤ በተለመደው ቅኝት ነው የነበረው። ይልቅ አንድ ካሴት ጀምሮ አሰምቶኝ ነበር። የሚያስል ሽማግሌ ድምፅ ነው። ወዲያው አጠፋና ሳቀ፤ «ይህ ሰውዬ ሁለት መጽሐፍ እንደገና ሊያስጽፈኝ ነው» አለ። ማን ነው ብዬ ብጠይቀው «መጀመሪያ መስማት ያለበት ሌላ ሰው አለ» ብሎ ዘጋኝ።»

ስለዚህ አንድ ካሴት ነበረ፤ አሁን የለም። ስድስት ሰዓት ላይ በተለመደው ቅኝት የነበረው ቫዮሊን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መስቀለኛ ሆኗል። ለፍላነሪ ነገርኩት።

«ጥሩ» አለ። «ተርል መጣ፣ ቃኘ፣ ተጫወተ፣ ተጣሉ፣ ገደለው፣ ካሴቱን ወሰደ። ደግሞም ምስክር አለኝ፤ ሲገባ ያየው ሰው እሑድ ቃሉን ሰጥቷል።»

«ማን?»

«ፋይሉ ውስጥ አለ። ስታነብ ትደርስበታለህ» አለና ፈገግ አለ። ቀስ ብዬ እንደማነብ ያውቃል።

*

ማክሰኞ ጠዋት ከማስረጃ ዕቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ጧ! የሚል ድምፅ ወጣ። ሁላችንም ዘለልን፤ ፍላነሪ ቡናውን ሸሚዙ ላይ ደፋ። ጠመንጃዬን ይዤ ከፈትኩት። የዊንፍሬድ ቫዮሊን ክር ነው። ወፍራሙ፣ ዳር ያለው ተበጥሶ ተጠቅልሏል። ጎረቤቱን በጣቴ ጫን አልኩት፤ እንደ አጥር ሽቦ ተወጥሯል። ቀጫጭኖቹ ግን እንደ ወትሯቸው ናቸው።

ቆምኩ። ፍላነሪ ሸሚዙን እየጠረገ ምን ሆንክ ይላል፤ እኔ የአባቴን ድምፅ ነው የምሰማው። የጊታሩ ክር ሲበጠስ አዲሱ በፖስታ እስኪመጣ አንድ ወር ይጠብቅ ነበር። «ክር የሚያጠብቅ ሱቅ ያለው ሰው ነው» ይል ነበር።

መስቀለኛ ቅኝት በሁለት መንገድ ይገኛል። ወፍራሞቹን አጥብቀህ ወደ ላይ ታወጣቸዋለህ፤ ወይም ቀጫጭኖቹን አላልተህ ታወርዳቸዋለህ። ዜማው አንድ ነው፤ አንዱ ከፍ ይላል፣ ሌላው ዝቅ ይላል፤ እንዲሁ በጆሮ ለሚነካ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም። ቅዳሜ ዕለት እኔ እንዲሁ ነው የነካሁት፤ እውቀቴን ላሳይ ተቻኩዬ።

ተርል የቱን ነበር የሚያደርገው? የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ክሎቪስ፣ አባቴና ዳውሰን። ሦስቱም ሞተዋል። ተርል ደግሞ ስለ ቫዮሊን አይናገርም። ወደ ክሎቪስ ለቅሶ ሄድኩ፤ ሚስቱ ተርል ከመጠመቁ በፊት ለዓመታት ሰምታዋለች።

*

ቤቱ በሰው ሞልቷል። ሳጥኑ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ወጥ ቤቱ ጎረቤት ባመጣው ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ተጨናንቋል። ዞራን ከጓሮ በር አጠገብ አገኘኋት።

«አክስቴ ዞራ፣ እግዚአብሔር ያጥናዎት።»

«አሜን። ብላ፤ አጥንትህ ወጥቷል።»

«ይህ ጊዜው አይደለም፤ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ተርል «የሎረል ውርጭ»ን ሲጫወት ክር ያጠብቃል ወይስ ያላላል?»

ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሣችም። «ለለቅሶ ነው የመጣኸው ወይስ ለዚህ?»

«ለሁለቱም።»

«ያላላል እንጂ። ቀጫጭኖቹን። ምን ሞኝ ነው የሚያጠብቀው? ያን የሚያህል ክር ከየት ይመጣል? ቅዳሜም እንኳ ሲያላላቸው...»

እጇ ወደ አፏ ሄደ።

«ቅዳሜም ምን?» አልኩ።

«ውጣልኝ።»

«አክስቴ ዞራ፣ ሰውዬው እስር ቤት ነው ያለው። ነገ ማታ ያስረክቡታል።»

ምጣዱን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች። «ክሎቪስ ዓርብ ማታ «አንዴ ብቻ ልስማው» አለ። ተርል ሲጠመቅ ቫዮሊኑን ለኛ ነው የሰጠው፤ አልጋ ሥር ነው ያለው። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት መጣ፤ ሲመሽ ሄደ። በሩን ቆልፈን፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን። አንዴ ብቻ ያለውን አምስት ጊዜ ተጫወተለት። ጣቶቹ አልታዘዝ ሲሉት እያለቀሰ። ክሎቪስ ደግሞ ጣቶቹ አንሶላው ላይ ባንጆ ይመታሉ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዳልተለያዩ።»

«ለሸሪፉ ይንገሩት።»

«ለማንም ላልናገር ምዬለታለሁ። ካወራሁ ከቤተ ክርስቲያን ይወጣል። እስር ቤት ሄጄ ስለምነው «ዞራ፣ የእስር ቤት በር ይከፈታል፤ ያኛው አይከፈትም» ነው ያለኝ። አሁንም ቃሌን አላፈረስኩም፤ አፌ ነው የከዳኝ። ብትጽፈው አልነገርኩትም እላለሁ።»

ትላለችም። ብትመሰክርም ፍላነሪ የወዳጁ ሚስት ናት ብሎ ይጥለዋል። ተርልን የሚያወጣው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ክሩን ያጠበቀውን ሰው ማግኘት።

*

ቤቴ ሄጄ የዊንፍሬድን ሁለተኛ መጽሐፍ አወረድኩ። አልገዛሁትም ብዬ ለሰው ነግሬ ነበር፤ ገዝቼዋለሁ። ገጽ አርባ ሰባት፦ «ይህ ዜማ ሁለቱን ወፍራም ክሮች ወደ ላይ በማጥበቅ ይቃኛል።»

ስህተት ነው። ዊንፍሬድ የጻፈው ሸክላውን ሰምቶ ነው፤ ያ ሸክላ ደግሞ ሲቀረጽ ማሽኑ ዝግ ብሎ ስለዞረ ሲከፈት ይፈጥናል፤ ድምፁም ከእውነተኛው ከፍ ይላል። በጆሮ፣ ከሰው እጅ የተማረ ሁሉ ያላላል። የሚያጠብቀው ከመጽሐፍ የተማረ ሰው ብቻ ነው።

በዚህ አገር ከመጽሐፍ ተምሬያለሁ የሚል ቫዮሊን ተጫዋች የለም። ነውር ነው። ሁሉም ከአባቴ፣ ከአያቴ ነው የሚለው።

ከዚያ ፋይሉን ከፈትኩ። ምስክሩ የዳውሰን ቪካርስ ልጅ ሆባርት ነው። ጣቴን ከመስመሩ ሥር እየሳብኩ አነበብኩት። «ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ በመኪና ሳልፍ፣ ተርል ቤግሊ የቤተ ክርስቲያን ልብሱን ለብሶ፣ ከላቨርን ክሪክ ጉባኤ ሲመለስ፣ ወደ ዊንፍሬድ ግቢ ሲገባ አየሁት።»

ደግሜ አነበብኩት። ፍላነሪ ከሸለቆ ማዶ የመጣ ሰው ነው፤ አይፈረድበትም። ሆባርትም ያደገው ከተማ ነው። የላቨርን ክሪክ ሰዎች ግን በወር አንዴ ብቻ ነው የሚሰበሰቡት፤ በሁለተኛው ቅዳሜና እሑድ። ሰባኪው በቀሩት ሳምንታት ሌሎች ሦስት ሸለቆዎች ይዞራል። ዊንፍሬድ የተገደለው በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ያን ቀን የላቨርን ክሪክ በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ነበር።

*

ሆባርት ሃምሳ ሊሞላው ነው፤ ትሑት ሰው ነው። ሳሎኑ ውስጥ የአባቱ ባርኔጣዎች በመስታወት ተደርድረዋል። ረቡዕ ጠዋት ሲያየኝ «ኦርቢን ወንድሜ፣ ግባ ግባ» አለ።

«ስለ ቃልህ ጥቂት ልጠይቅህ። ከዚያ በፊት ግን «የሎረል ውርጭ»ን ተጫወትልኝ።»

«አሁን? በጠዋቱ?»

«አባቴ በዚያ ሸክላ ላይ ጊታር ይዟል። ከቤታችሁ ሰው እጅ ሰምቼው አላውቅም።»

ይህ እውነት ነው። ደስ አለው። ቫዮሊኑን አወረደ፤ አገጩ ሥር ሳያስገባ መቃኛዎቹን ያዘ። ወፍራሙን አጠበቀ። ጎረቤቱን አጠበቀ። ተጫወተ። ልዋሽ አልችልም፤ ጥሩ ነው የተጫወተው። ንጹሕ፣ የተለፋበት።

«ማን አስተማረህ?»

«አባቴ ነዋ። ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ።»

«አባትህ ከአንድ ከተማ ሬዲዮ ወደ ሌላ ሲዞር ነው የኖረው። በዓመት ስንት ቀን ቤት ነበር?»

ደጋኑ እጁ ውስጥ ቀረ።

«ሆባርት፣ ሸክላው በተቀረጸበት ክፍል የነበረ ሰው ሁሉ ያላላል እንጂ አያጠብቅም። የሚያጠብቀው ገጽ አርባ ሰባት ነው። የዊንፍሬድንም ቫዮሊን ያጠበቀው ገጽ አርባ ሰባትን ያነበበ ሰው ነው። ደግሞ ተርል ከተዘጋ ቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አየሁት ብለሃል።»

«የተዘጋ?»

«በወር አንዴ ነው የሚሰበሰቡት።»

ተቀመጠ። ሲቀመጥ ሳየው የሃምሳ ዓመት ሰው አይመስልም ነበር፤ ትምህርት ቤት የተቀጣ ልጅ ነው የሚመስለው። ከዚህ ሌላ በእጄ ምንም አልነበረኝም። የተወጠረ ክርና አንድ የተሳሳተ ቅዳሜ። ጠበቃ ቢጠራ ኖሮ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር።

«ካሴቱን አቃጠልከው?» አልኩት።

ወደ አባቱ ባርኔጣዎች ዞረ።

«አልቻልኩም» አለ። «ድምፁ ነው።»

ተነሥቶ ከባርኔጣዎቹ በአንደኛው ውስጥ እጁን ከተተ። ካሴቱን መቅረጫው ውስጥ ያስገባው ራሱ ነው። መጀመሪያ ሳል። ከዚያ በሬዲዮ እየሰማሁት ያደግሁት ያ የዳውሰን ድምፅ፣ አርጅቶ።

«...እኔ አፌን ነው የከፈትኩት። ደጋኑ የተርል ቤግሊ ነው፤ ባንጆው ክሎቪስ፤ ጊታሩ አርደን ስታላርድ፤ ደግ ሰው፣ ምሳውን አካፍሎኛል። ሸክላው ላይ ስማቸው ይጻፍ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ልጄ ደግሞ እንደኔ ልጫወት ብሎ ሲደክም እሰማዋለሁ፤ በሩን ዘግቶ። ልንገረው፣ ልንገረው እያልኩ...» ሳል።

የአባቴን ስም ስሰማ ምንም አልተሰማኝም ብል ውሸት ነው። ግን ያን ጊዜ የማየው ሆባርትን ነበር።

«አባቴ ሊሞት ሲል ያስታምመው የነበረ ሰው ነው የቀረጸው፤ በዚህ ወር መጀመሪያ ለዊንፍሬድ በፖስታ ላከለት» አለ። «ዊንፍሬድ «አንተ መጀመሪያ ስማው» ብሎ ጠራኝ። ስምንት ሰዓት ሄድኩ። ቫዮሊኑን ከግድግዳው አውርዶ አጫወተኝ፤ ከዚያ ካሴቱን ከፈተው። ሰማሁት። ከዚያ ዊንፍሬድ ሳቀ። ስህተት እንዳገኘ አስተማሪ፣ ደስ ብሎት። «ሠላሳ ዓመት ተሳስቼ ኖሬያለሁ!» አለ። በራሱ ነው የሳቀው፤ አሁን አውቃለሁ። ግን ሳቀ። በሩን ዘግቼ የተለማመድኩት ዕድሜዬን ሙሉ ነው ኦርቢን። እሱ ሳቀ፣ ብረቱ እጄ ውስጥ ነበር።»

«ተርልንስ ለምን?»

«አባቴን ስለወሰደብኝ» አለ። ከዚያ ራሱ ያለውን ሰማና ፊቱን ሸፈነ።

*

ጋዜጣው ሸሪፍ ፍላነሪ በጥልቅ ምርመራ ነፍሰ ገዳዩን ያዘ አለ። ይበል።

ተርልን ያወጣሁት ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። መኪናውን እንደ እብድ ነዳሁት፤ መቃብሩ ጋ ስንደርስ ግን አፈሩ ተመልሶ ሰዎች በአካፋ ጀርባ ያስተካክላሉ። ተርል አንዱን አካፋ ተቀብሎ ያለቀውን ሥራ ደግሞ ሠራው። ማንም አልከለከለውም።

ስንመለስ «አጎቴ ተርል» አልኩት። «ሪፖርቴ ላይ የታመመ ወዳጅ ሲጠይቅ ነበር ብያለሁ። ስለ ቫዮሊን አንድ ቃል አልጻፍኩም። ዞራም አትናገርም። ማንም አያውቅም።»

«አንተ ታውቃለህ።»

«እኔ አባል አይደለሁም።»

«እኔ ነኝ» አለ።

በሚቀጥለው ወር ሁለተኛ ቅዳሜ ላቨርን ክሪክ አድርሰኝ አለኝ። መኪናው ተበላሽቶ መስሎኝ ነበር፤ ሲወጣ አብሮት የሚሆን ሰው ፈልጎ ኖሯል። የአባላት ጉባኤ ስለሆነ እኔ ደጅ ቀረሁ። የእንጨት ቤት ነው፤ ሁሉም ይሰማል። ተርል ለክሎቪስ መጫወቱን ራሱ ተነሥቶ ተናገረ።

«ወንድም ተርል፣ ቃልህን በማፍረስህ ትጸጸታለህ?» ይላል ሰባኪው፤ አሞስ ይባላል።

«ቃሌን በማፍረሴ እጸጸታለሁ።»

«ለክሎቪስ በመጫወትህስ?»

ምድጃው ሲንጣጣ ይሰማኛል።

«እሱን ማለት አልችልም። ብል ሌላ ውሸት ይሆንብኛል።»

«ወንድም ተርል፣ እለምንሃለሁ፣ በል።»

«አልችልም አሞስ።»

ከዚያ ወንበር መንቀጫቀጭ፤ እጅ ሲነሣ የልብስ ኮሽታ። አንዲት ሴት ስታለቅስ። በሩ ተከፈተና ተርል ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ወጣ። ከደረጃው ታች ያለው ድንጋይ ላይ፣ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ቤት ላድርስዎ?»

«መዝሙሩ ይለቅ።»

ውስጥ ጀመሩ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን አዘማመር፣ አንዱ መሪ ስንኙን ብቻውን ፈጠን አድርጎ ይጥላል፤ ጉባኤው ተቀብሎ ቀስ እያለ ይስበዋል፤ ከዚያ መሪው የሚቀጥለውን ይጥላል። አሞስ የመጀመሪያውን ጣለ። ውስጥ ያሉት ተቀበሉ። ደጅ፣ ድንጋዩ ላይ፣ ተርልም ተቀበለ። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ከነሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለተኛውን ስንኝ እንዲሁ። ሦስተኛውን እንዲሁ።

ከአራተኛው በፊት አሞስ ዘገየ። ውስጥ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ብርድ ነበር፤ ሣሩ ላይ ውርጩ ገና አልለቀቀም። አንድ እጅ በኛ በኩል ያለውን መስኮት ወደ ላይ ገፍቶ ከፈተውና ተመለሰ። የማን እጅ እንደሆነ አላየሁም።

አሞስ ስንኙን ጣለ፤ ከቅድሙ ከፍ አድርጎ።

ተርል ተቀበለ።